ጎብኚ ሲመጣ የምትመጣው አስተማሪ

መልካም ሰው ሕግ ባይኖርም ይጠነቀቃል፤ ክፉ ሰው ሕግ ቢኖርም መሸሻ አያጣም ይባላል፤ አባባሉም እውነት ነው። ነገር ግን የሕዝብ ልጅ በአደራ የሚሰጠው ከሁለቱ ለአንዳቸውም አይደለም። የሚሰጠው በመካከላቸው ለቆመው፣ ካስገደዱት ለሚሠራ፣ ከተዉት ግን «ነገ» ለሚል ለብዙው ሰው ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው «ብትፈጽመው መልካም ነው» የሚል መመሪያ መስጠት፣ ጎተራውን ከፍቶ ትቶ አይጧን በጨዋነት እንደ መለመን ይቆጠራል። የሚከተለው ታሪክ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው፤ በታሪኩም ውስጥ ክፉ ልሁን ብሎ የተነሣ አንድም ሰው የለም።

የካቲት ወር ነበር። ሮዛሊን ጌይተርና ታላቅ እህቷ ኤርሊን፣ በዴይተን ከተማ በስተምዕራብ፣ ከእናታቸው በወረሱት የእንጨት ቤት ይኖሩ ነበር፤ ኤርሊን ከምድር ቤቱ፣ ሮዛሊን ከፎቁ። ሮዛሊን ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ወርዳ ከእህቷ ጋር ቁርስ መብላት ልማዷ ነው። በዚያ ማለዳ ኤርሊን የበቆሎ ገንፎውን እያማሰለች በእንቁላል ዋጋ ታማርር ነበር። አንዱ ደርዘን ስድስት ዶላር ገብቷል፤ «ዶሮዎቹ የሠራተኛ ማኅበር መሠረቱ እንዴ?» ትላለች። የልጅ ልጇ ዛኒያ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣ፣ እግሯን እያወዛወዘች፣ ወተት የፈሰሰበትን ቁርሷን በማንኪያ ታሳድዳለች። ዛኒያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ክፍልን ስትማር ይህ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። እናቷ ኮሎምበስ ከተማ ባለ መጋዘን ውስጥ ስለምትሠራ የምትመጣው እረፍት ስታገኝ ብቻ ነው። ልጅቱ ዝምተኛ ናት፤ ስትናገርም ብዙ ጊዜ ለራሷ እንጂ ለሰው የምትናገር አትመስልም። በዚያ ቀን ግን ቀና ብላ ጠየቀች።

«አክስቴ ሮዝ፣ ዛሬ ትምህርት ቤታችን ትመጪያለሽ?»

«አይ የኔ ቆንጆ፣ ገና ነው። የምመጣው በሚያዝያ ነው።»

«እሺ። እንግዲያው ሚስ አበርናቲም አትመጣም።»

«ሚስ አበርናቲ ደግሞ ማናት?» አለች ኤርሊን ከምድጃው ሳትዞር።

«የንባብ አስተማሪዬ ናት። አክስቴ ሮዝ ስትመጣ ትመጣለች። አረንጓዴ መነጽር አላት፤ ተለጣፊ ኮከብም ትሰጠናለች።»

ኤርሊን ሳቀች፤ የልጅ ወሬ መሰላት። ሮዛሊን ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች። ባለ አረንጓዴ መነጽሯን ሴት ታውቃታለች። በጎበኘች ቁጥር፣ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ከአምስት ከስድስት ልጆች ጋር ተቀምጣ፣ በጣቷ ቃላት እያመለከተች ስታስነብብ አይታታለች። የትምህርት ቤቱ ጌጥ ይህች ሴት ናት ብላም ለአለቃዋ አመስግናታለች። አንድ ልጅ የሚረባ ነገር ሳይናገር ዓመታት የሚያልፉት፣ ልጁ ስለሚደብቅ ሳይሆን የሚጠይቀው ስለሌለ ነው። ዛኒያ የደበቀችው ነገር አልነበረም። አስተማሪዎች ሁሉ እንዲሁ ናቸው፣ ጎብኚ ሲመጣ ይመጣሉ፣ ጎብኚ ሲሄድ ይሄዳሉ ብላ ኖራለች።

የሮዛሊን ሥራ ትምህርት ቤቶችን መቆጣጠር ነው። «የንጋት ኮከብ» የተባለው የዛኒያ ትምህርት ቤት ቻርተር ከሚባሉት ወገን ነው፤ ገንዘቡ የሕዝብ፣ አስተዳደሩ ግን በውል የግለሰቦች። ውሉን የሚሰጠውም፣ ውሉ መከበሩን የሚከታተለውም ሮዛሊን የምትሠራበት ድርጅት ሲሆን፣ ለዚህ አገልግሎቱ ትምህርት ቤቱ ከሚያገኘው ከእያንዳንዱ ዶላር ሦስት ሳንቲም ይወስዳል። ቁጥጥሩ እንዴት መካሄድ እንዳለበት የሙያው ሰዎች ያወጡት ጥሩ መመሪያ አለ። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሳያስታውቁ መጎብኘት ይበረታታል ይላል፤ ተቆጣጣሪ ዘመዱ የሚመራውን ትምህርት ቤት ባይቆጣጠር ይመረጣል ይላል። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ይህን መመሪያ አስገዳጅ ሊያደርገው አንድ ጊዜ ተነሥቶ ነበር፤ ተቆጣጣሪ ድርጅቶቹ ሁሉ ተሰብስበው «እኛ የምንሠራው በመተማመን ነው» ቢሉ ነገሩ በፈቃደኝነት ቀረ። የሮዛሊን ድርጅትም መመሪያውን በደስታ እቀበላለሁ ብሎ በክፈፍ አድርጎ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ልማዱ ግን ሌላ ነበር። ጉብኝት ሲቃረብ አስቀድሞ ይደወላል፤ በዋዜማው ደግሞ ለመኪና ማቆሚያ እንዲዘጋጁ ተብሎ እንደገና ይደወላል። የምትደውለው ራሷ ሮዛሊን ናት። ስልኩን የሚያነሣው የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ታናሽ ወንድሟ ዌንዴል ነው። ከጉብኝቱ በኋላም ዌንዴል ቢሮ ውስጥ የተጠበሰ ዓሣና የኮክ ኬክ ይቀርባል፤ ሮዛሊንም ይህን ሁሉ ጨዋነት ነው ብላ አስባ ኖራለች።

የዛኒያ ቁርስ የወጣበትን የእህል ካርቶን ወደ ልጅቱ ገፋ አደረገችው። ሽፋኑ ላይ አንዲት ንብ ተስላለች፤ ከንቧ በታች በትልቅ ፊደል «ስንዴ»፣ ከሥሩም በትንሹ «ቁርስ» ተብሎ ተጽፏል።

«ይሄ ምን ይላል ዛኒያ?»

ዛኒያ ካርቶኑን አየች፤ ቀጥላም የአክስቷን ፊት አየች። ፊት ማንበብ ትችል ነበር። «ንብ» አለች።

«ይሄኛውስ?»

«ማር።»

ኤርሊን እሳቱን አጠፋች። «ዛሬ ደክሟት ነው» አለች፤ «ማታ ቆይታ ነው የተኛችው።» ሮዛሊን ካፖርቷን ለበሰች። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

የንጋት ኮከብ የተቀመጠው በሦስተኛው ጎዳና፣ ቀድሞ የቦውሊንግ መጫወቻ በነበረ ሕንጻ ውስጥ ነው። የኮሪደሩ ወለል ያው ኳስ ይንከባለልበት የነበረው የሚያብረቀርቅ እንጨት ሲሆን፣ መስመሮቹና ቀስቶቹ እስከ ዛሬ ይታያሉ፤ ልጆቹም ሰልፍ የሚይዙት በእነዚያው መስመሮች ላይ ነው። ሰፈሩ ውስጥ የነበሩት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተራ በተራ ሲዘጉ፣ ይህን ባዶ ሕንጻ ለምኖ፣ ጠርጎ፣ ቀለም ቀብቶ የከፈተው ዌንዴል ነበር፤ በዚያ ዓመት የሰፈሩ እናቶች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመው አጨብጭበውለታል። እንግዳ ተቀባይዋ ቱዋይላ ሮዛሊንን ስታይ መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ፈገግታዋ ደርቆ እጇ ወደ ስልኩ ሄደ።

«ወይዘሮ ጌይተር፣ ዛሬ ይመጣሉ አልተባልንም እኮ። ሚስተር ዌንዴል ያውቃሉ?»

«አያውቅም።»

«ቆይ እንግዲያው ልደውልላቸው፤ ቁጭ ይበሉ፣ ቡና ላምጣልዎት።»

«ግድ የለም ልጄ። ቤቱን አውቀዋለሁ።»

የንባቡ ክፍል በር ላይ ልጆች የቀቡት ቀስተ ደመና አለ። በሩ አልተቆለፈም፤ ነገር ግን ውስጥ ያለው ዕቃ ስለሚገፋው ትከሻ አስጠግቶ መክፈት ያስፈልጋል። የገና ትርዒት መልአክ ክንፎች፣ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች፣ የማይሠራ የፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ከቦውሊንጉ ዘመን የቀረ የጫማ መደርደሪያ እስከ ጣሪያው ተከምረዋል። ሮዛሊን በጎበኘች ቁጥር በአበባ አጊጦ ታየው የነበረው ክብ ጠረጴዛ በጎኑ ቆሞ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ እግሩ ላይ የሸረሪት ድር ነበረበት። ይህን ሁሉ ዕቃ በጉብኝቷ ዋዜማ ተሸክመውት ይወጣሉ፤ እሷ ስትሄድ ተሸክመውት ይመለሳሉ ማለት ነው። የሚያነሡት ስልኩ ከተደወለ በኋላ ነው። በሩን ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችው።

ሦስተኛ ክፍል ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ወጣቷ አስተማሪ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆችን ጮክ ብላ ታስነብባለች፤ ከኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ስድስት ልጆች ተለይተው ተቀምጠው ሥዕል ይቀባሉ። አይረብሹም፤ እንዳይረብሹ ነው ቀለም የተሰጣቸው። ዛኒያ ከእነሱ አንዷ ነበረች። የበሩን ድምፅ ሰምታ ቀና ስትል አክስቷን አየች፤ ፊቷም በራ። ቀለሟን ጣለች፤ የሸሚዟን ኮሌታ አስተካከለች፤ ከዚያም ከአክስቷ ትከሻ አልፋ ወደ ኮሪደሩ ተመለከተች፤ ከኋላ የምትከተል ሰው ትጠብቅ ነበር። ኮሪደሩ ባዶ ነበር። ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ቀለሟን አነሣችና ቀና ሳትል መቀባቷን ቀጠለች። ሮዛሊን በሕይወቷ ብዙ ነገር አይታለች፤ እናቷን ቀብራለች። ያን የልጅቱን አስተያየት ግን እስከ ዛሬ ልትረሳው አልቻለችም።

ዌንዴል ቢሮው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ግዙፍ ነው፤ ሹራቡ ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ መስኮቱ ብርድ ስለሚያስገባ በቢሮው ውስጥ ካፖርት ይደርባል።

«ሮዝ፤ ሳትደውይ መጣሽ።»

«ሳልደውል መጣሁ።»

«ምነው፣ ሰው ሞተ?»

«ሚስ አበርናቲ የት ናት?»

ዌንዴል በሩን ዘጋ፤ ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም። «ዛሬ በሌላው ቅርንጫፍ ናት» አለ። ቀጥሎ የእህቱን ዓይን አየና ትከሻው ወረደ። «በእናንተ ሥር ያለን አራት ትምህርት ቤት ነን፣ አንድ እሷን ነው የምንካፈለው። ተቆጣጣሪ ወደሚመጣበት እንልካታለን። አንቺ ስትደውይልኝ እኔ ለእሷ እደውላለሁ።»

«የእነዛኒያ ገንዘብስ? ክፍለ ግዛቱ ለንባብ እርዳታቸው ብሎ የሚልከው?»

«ጣሪያው ላይ ነው ያለው። ቀና ብለሽ እዪው፤ አያፈስም አይደል? ማሞቂያው የሞተ ጊዜ ልጆቹ በጓንት ነበር የሚጽፉት። አንዲት ሳንቲም ኪሴ ገብታ እንደሆነ ይኸው፣ ፈትሺኝ።»

«ተማሩ ብለህ ግን ፈርመሃል።»

«ፈርሜያለሁ። ሁሉም ይፈርማል። ሳይነገር መጎብኘት እኮ ግዴታ አይደለም ሮዝ፤ ይሄን ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? መጥታችሁ ብታዩኝ ኖሮ ሌላ መላ እፈልግ ነበር። አልመጣችሁም። ባልመጣችሁ ቁጥር ደግሞ ለከርሞ እላለሁ።»

«ልጅቷ ማንበብ አትችልም ዌንዴል። የገዛ እህትህ የልጅ ልጅ።»

«ትደርስበታለች። እኔስ ዘግይቼ አይደል ያነበብኩት?»

«አንተን እናታችን በየማታው እያስቀመጠች ታስነብብህ ነበር።»

ዌንዴል ካፖርቱን ሰብሰብ አደረገ። ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይቀላት ነበር።

«እውነት ነው። የዛኒያ አክስት ግን ፎቅ ላይ ነበረች።»

ከምድር ቤቱ እስከ ፎቁ ያለው ደረጃ አጭር ነው፤ ሮዛሊን በየማታው ስትወጣው ልጅቱን «ደህና እደሪ» ብላ አልፋታለች። ቦርሳዋን አንሥታ በቱዋይላ ፊት አልፋ ወጣች። ቱዋይላ ቡናውን አፍልታው ነበር።

ድርጅቱ ቢሮ የደረሰችው ከምሳ በኋላ ነው። ዋና ኃላፊው ሃርላን ስትራውድ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማት፤ ጨዋና ጸጉረ ነጭ ሰው ነው፤ በየሳምንቱ አበባ ለጸሐፊዎቹ ያመጣል። ሰምቶ ሲያበቃ ብዕሩን በሁለት ጣቶቹ ያዘና እንደ ምክር አድርገን እንጻፈው አለ፤ ጥፋት ብለን ከጻፍነው ውሉ ይፈርሳል፤ ውሉ በዓመቱ መካከል ከፈረሰ ሁለት መቶ ልጆች በየካቲት ብርድ ወዴት ይሄዳሉ? ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። ከአራቱ ትምህርት ቤቶች ስለሚገባው ሦስት ሦስት ሳንቲም አላነሣም፤ ማንሣትም አላስፈለገውም።

«እንግዲያው ዛሬውኑ ሳይነገር መጎብኘትን ለራሳችን ግዴታ እናድርገው» አለችው።

«ወይዘሮ ጌይተር፣ መመሪያው 'ይበረታታል' ነው የሚለው።» ፈገግ አለ። «እኛም እየተበረታታን ነው።»

በዚያ ክፍል ግድግዳ ላይ መመሪያው በክፈፉ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። መስተዋቱ ንጹሕ ነው፤ በየሳምንቱ ይወለወላል።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን አስነሣች፤ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ብቻ ነፋባት። ለክፍለ ግዛቱ የትምህርት ቢሮ ካመለከተች ወንድሟ ይጠፋል፤ ካላመለከተች ዛኒያ ከመስኮቱ ሥር ቀለም እየቀባች አራተኛ ክፍል፣ አምስተኛ ክፍል ትደርሳለች። ሦስተኛ መንገድ ፈለገች፤ አጣች። ስልኳን አወጣች። ጣቷ ከልማድ ብዛት የሄደው ወደ ዌንዴል ስም ነበር፤ ከመጥራቱ በፊት አጠፋችው። ከዚያ ወደ ትምህርት ቢሮው ደወለች፤ ስሟን ተናገረች፤ ፊደል በፊደል ቆጠረችላቸው፤ ሲጠይቋት ከርእሰ መምህሩ ጋር ያላትን ዝምድናም ተናገረች።

ስትመለስ መሽቶ ነበር። ኤርሊን ጎመን እያጠበች አገኘቻት፤ ዛኒያ ከሳሎን ቴሌቪዥን ታያለች። ሮዛሊን ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ከጠዋቱ ጀምሮ ያየችውንም ያደረገችውንም ነገረቻት። ኤርሊን ቅጠሉን አንድ በአንድ እያገላበጠች ሰማች።

«ደወልሽለት?» አለች።

«ለማን?»

«ለወንድምሽ ነዋ። ሰዎቹ ሳይመጡበት፣ ቀድመሽ።»

«አልደወልኩም።»

ኤርሊን የውኃውን ቧንቧ ዘጋች። «ይሄን ሁሉ ዓመት ስትደውዪለት ኖረሽ፣ መደወል የጠፋብሽ ዛሬ ነው?»

«ኤርሊን፣ ልጅቷ እኮ…»

«ልጅቷን አውቃታለሁ። እኔ ነኝ የማሳድጋት። ትምህርት ቤት ባይኖራት ምን እንደምሆን ግን አላውቅም።» እጇን በመሐረቧ አደረቀች። «ወንድማችን ነው ሮዝ።»

ጎመኑ በሰለ፤ ሁለት ሳህን ብቻ ቀረበ። ሮዛሊን ወደ ፎቁ ስትወጣ ዛኒያ ከደረጃው ሥር መጥታ ሽቅብ አየቻት። «አክስቴ ሮዝ፣ ነገም ትመጪያለሽ?» አለች። ልጅቱ የምትጠብቀው ሚስ አበርናቲን እንደሆነ ሁለቱም እህቶች ገብቷቸዋል። ኤርሊን ከወጥ ቤት ሆና ጠራቻት፤ የምድር ቤቱም በር ተዘጋ። ያ በር በእናታቸው ዘመንም ቢሆን ማታ ማታ ተዘግቶ አያውቅም ነበር።

ከክፍለ ግዛቱ የመጡት ሰዎች ሳይደውሉ መጡ። ልዩ እርዳታ ለሚያሻቸው ልጆች የተላከውን ገንዘብ የሚመለከተው ሕግ በማንም ፈቃድ ላይ የተተወ አልነበረምና የሚፈልጉትን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም። የአራቱም ትምህርት ቤቶች በር መጋቢት ሳያልቅ በሰንሰለት ተቆለፈ፤ ልጆቹም በከተማው ሁሉ ተበተኑ። ዛኒያ ከወንዙ ማዶ ባለ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍልን እንደገና እንድትጀምር ተመደበች፤ በዚያም የንባብ አስተማሪ ለማግኘት ተራ ይጠበቃል ተባለ። ሮዛሊን በየማታው ወደ ታች እየወረደች ልታስነብባት ጠየቀች፤ ኤርሊን ልጅቱ ደክሟታል አለች። ሌላ ማታም ጠየቀች፤ ያው ነው መልሱ። ሦስተኛ ጊዜ ሳትጠይቅ መጽሐፍ ይዛ ወርዳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ዛኒያ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች፤ ኤርሊንም አልከለከለቻቸውም።

የሮዛሊን ድርጅት አልተቀጣም፤ የጣሰው አስገዳጅ ሕግ አልተገኘምና። ስትራውድ በክረምቱ መግቢያ ጡረታ ወጣ፤ ራት ተደርጎለት ንግግር ተደረገ። መመሪያው ዛሬም በክፈፉ ውስጥ አለ። ሮዛሊን ሥራዋን በፈቃዷ ለቀቀች።

ዌንዴል ጌይተር ያልተሰጠ ትምህርት ተሰጥቷል ብሎ በመፈረም የሕዝብ ገንዘብ ካለቦታው ማዋሉን ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ። ገንዘቡን ለራሱ አለማድረጉ ተቆጥሮለት፣ የአሥራ ስምንት ወር እሥራት ተፈረደበት፤ ቤቱ ተሽጦ ለዕዳው ዋለ፤ ዕድሜውን ሙሉ ትምህርት ቤት እንዳይመራ ታገደ። እጁን የሰጠው በሰኔ ነው። እስከ ወህኒ ቤቱ በር ድረስ ያደረሰችው ሮዛሊን ነበረች።